ድንቢጥና የፈጣሪ ጥበቃ

ድንቢጥ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ከመጠኗ በላይ የከበደ ጥያቄ ተሸክማ የኖረች ወፍ ናት፤ ፈጣሪ ለታናሹ ፍጥረት ያስባልን? የጥያቄው ምንጭ ወንጌል ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 10 ሁለት ድንቢጦች በአንዲት ሳንቲም ይሸጣሉ፤ ሆኖም አንዷም ያለ አብ ፈቃድ ወደ ምድር አትወድቅም። በሉቃስ ምዕራፍ 12 ደግሞ በሁለት ሳንቲም አምስት ይገኛል። አምስተኛዋ እንግዲህ ምርቃት ናት፤ ገበያው ዋጋ ያልሰጣት ይህችኛዋም በእግዚአብሔር ፊት አልተረሳችም።

ወንጌሉ ግን ወፏ ከቶ አትወድቅም አላለም። ትወድቃለች፤ ውድቀቷ ነው ከአብ ያልተሰወረው። ቃሉ የተነገረውም ስደትና ሞት ለሚጠብቃቸው ሐዋርያት ነበር። ጥበቃን ከጉዳት ማምለጥ ብቻ አድርጎ የሚረዳ አንባቢ የክፍሉን ክብደት ያጣዋል።

እንግሊዛውያን ከጥንት ጀምሮ ሌላም ድንቢጥ አለቻቸው። መነኩሴው ቤዳ እ.ኤ.አ. በ731 ባጠናቀቀው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ የኖርዘምብሪያው ንጉሥ ኤድዊን ክርስትናን ስለ መቀበል ሲመክር ከመኳንንቱ አንዱ የሰውን ዕድሜ በድንቢጥ ይመስለዋል። ወፏ በብርድ ወራት እሳት ወደሚነድበት አዳራሽ በአንዱ በር ገብታ በሌላው ትወጣለች፤ የሰውም ሕይወት እንዲሁ ነው፤ ከእርሷ በፊት የነበረውንና በኋላ የሚመጣውን የሚያውቅ የለም። አዲሱ ትምህርት ስለዚያ የተሻለ እርግጠኛ ነገር ካለው ይከተሉት ዘንድ ይገባል ይላል። የወንጌሏ ድንቢጥ የአምላክን ዕውቀት ስታስታውስ የቤዳዋ የሰውን አለማወቅ ታሳያለች።

ሁለቱ አሳቦች በሼክስፒር «ሐምሌት» ይገናኛሉ፤ ተውኔቱን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል። ወዳጁ ሆራሺዮ የሰይፍ ግጥሚያው ይቅር ሲለው ልዑሉ ሐምሌት የድንቢጧን ውድቀት ጠቅሶ እምቢ ይላል። እተርፋለሁ ብሎ አይደለም፤ ሞት አሁንም ይምጣ በኋላ፣ ዋናው መዘጋጀት ነው ብሎ ነው። ወዲያውም ይሞታል። የወንጌሉን አሳብ እንዲህ በጥልቀት የተረዳ ሌላ የእንግሊዝ ተውኔት ማግኘት ይከብዳል።

አሌክሳንደር ፖፕ በ1733 እና 1734 ባሳተመው ስለ ሰው የሚናገር ረጅም ግጥሙ፣ አምላክ የጀግናን ሞትና የድንቢጥን ውድቀት በእኩል ዐይን ያያል ይላል። እዚህ ላይ መጽናናቱ ይሳሳል፤ ወንጌሉ ሰው ከብዙ ድንቢጦች እንደሚበልጥ ሲናገር፣ የፖፕ እኩልነት ያንን አባታዊ ቃል ያስቀረዋል።

አባትነቱን የመለሰው «ዐይኑ በድንቢጧ ላይ ነው» የተሰኘው የ1905 መዝሙር ነው። ግጥሙን የጻፈችው ሲቪላ ማርቲን አሳቡን ያገኘችው በኒው ዮርክ ግዛት ኤልማይራ ከተማ ለዓመታት የአልጋ ቁራኛ ከሆነች ሴትና ከአካል ጉዳተኛ ባሏ ነበር። ሕመማቸው እንዳለ ሆኖ ደስታቸው ጎብኚዋን አስደነቃት። መዝሙሩ በጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት ሥር ሰደደ፤ ዘማሪዋ ኤቴል ዋተርስም በ1951 ያሳተመችውን የሕይወት ታሪኳን በዚሁ ስም ሰየመችው።