ስድቡን ይዛችሁ ስሙን ጣላችሁ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ጋሸና መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሁለት ጎረምሶች በወረፋ ተጣልተው ሲሰዳደቡ ሰማሁ። አንደኛው ሌላውን «የባንዳ ዘር!» አለው። በዙሪያው የነበረው ወጣት ሳቀ፤ አንዱማ በስልኩ ቀረጸው። «ኧረ በሕግ አምላክ!» የሚል አንድ ጠፋ።

ሰንበቴ መቅረታችሁን፣ ሚያዝያ 27ን የመጠጥ ቀን ማድረጋችሁን ችዬ አልፌ ነበር። ይህን ግን አላልፈውም።

ስድቡን ማን አስተማራችሁ? በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከማይጨው ሲመለሱ አሸንጌ ዳር መርዝ የዘነበባቸው አባቶች አይደሉም። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ከዋግ ተነሥተው በ1930 ዓ.ም. ሲወድቁ ጠላት ራሳቸውን ቆርጦ ለሕዝብ ማሳያ አደረገው። ይህን ስም ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ስድቡን ግን ሁላችሁም በቃላችሁ ይዛችኋል!

በ1933 ዓ.ም. ጃንሆይ አዲስ አበባ ሲገቡ ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው ያዘዙት ለባዕዱ ጣሊያን ነው። ለገዛ ወንድምማ የአገር ሽማግሌ ነበረለት።

ከጠላት ጋር ያደረ ጎረቤት ነበረን። ሽማግሌ ገብቶበት፣ ካህኑ መስቀል ይዘው፣ ነገሩ ዳግመኛ ላይነሣ ከአባቴ ጋር ተማምለዋል። አባቴ ከጆሮው ሥር የጥይት ጠባሳ ነበረበት፤ በገብርኤል ማኅበር ጽዋውን ከዚያ ሰው እጅ ሲቀበል አይቻለሁ። ልጅ ሆኜ «እሱ ባንዳ ነበር አሉ» ብለው አልመለሰልኝም። በማግስቱ ግን የሰውየውን በሬዎች በአውድማ እንዳበራይ ላከኝ። ማታ ሰውየው ኩታዬ ላይ ቆሎ ዘገነልኝ። ቤት ስገባ አባቴ «የማንን ቆሎ ነው የበላኸው?» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።

እንግዲህ እናንተ ያን መሐላ የምታፈርሱት በማን ሥልጣን ነው? አባቶቻችን ታረቁ እንጂ አልረሱም፤ የወደቁትን በተዝካር ያነሡ ነበር። መቆጣት ካማራችሁ የሚያስቆጣ ሞልቷል። የጣሊያን መንግሥት መርዝ መጠቀሙን ያመነው ስድሳ ዓመት ቆይቶ በ1988 ዓ.ም. ነው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ቆመ፤ የየካቲት 12ን ሕዝብና የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ላስፈጀ ሰው! ለዚያ አንድ ቃል አልወጣችሁም፤ ቁጣችሁ ሁሉ አጥር ለሚጋራችሁ ጎረቤት ነው። እዚሁ ጋሸና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የሆነውን በዓይናችሁ አይታችኋል፤ ነገ ልጆቻችሁ በእሱ እየተሰዳደቡ እንዲያድጉ ትወዳላችሁ?

ደግሜ እላለሁ፣ የታረቀን ደም መቀስቀስ ኃጢአት ነው። የተሳደበው ልጅ ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ሰደበው ልጅ ቤት ይሂድ፤ የቀረጸውም ቪዲዮውን አጥፍቶ ይከተለው።

ሌሎቻችሁ ደብተር ያዙና አያቶቻችሁ ሳያልፉ ጠይቁ። ማይጨው የቀረውን፣ አሸንጌ በመርዝ የተቃጠለውን፣ በረሃ ወርዶ ያልተመለሰውን ስሙን ጻፉ። የክርስትና ስሙን አትርሱ፤ ቄሱ ለፍትሐት የሚጠሩት በእሱ ነው።