ጥይት የማይበሳው ሰው ጀግና ነውን?

በተረት ጦርነት ይቀላል። ጋሻው አይበሳም፣ ፈረሱ ይበርራል፣ ጠላትም በአንድ ቃል ይፈዛል። የባሕር ማዶ ደራስያን በዚህ ዓይነት ዓለም ላይ ወፋፍራም መጻሕፍት ጽፈዋል፤ ጠንቋዩ ከንጉሡ ጎን ይሰለፋል፣ ከሰው ወገን ያልሆኑ ነገዶች ሰይፍ ይቀጠቅጣሉ። እኛ ግን ጥያቄውን ለማንሳት ባሕር መሻገር አያሻንም። ለመሆኑ አስማት በእውነት ቢሠራ ኖሮ ጀግና የምንለው ማንን ነበር?

መቼስ አስማቱ አልጎደለንም። ደብተራው በብራና የጻፈው ክታብ በቆዳ ተሰፍቶ በዘማቹ አንገት ይንጠለጠል ነበር፤ ጠላትን ያደነዝዛል የተባለ አፍዝ አደንግዝም ነበር። ዘማቹ ቢወድቅስ? ክታቡ ረክሶበት ነው ይባላል። ልብ በሉ፣ ጥፋቱ የሟቹ ሆነ እኮ! በታንጋኒካ እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1907 በጀርመን ገዥዎች ላይ የተነሣው ሕዝብም ጥይትን ወደ ውሃ ይለውጣል የተባለ ውሃ ይዞ ዘመተ፤ አመፁ «ማጂ ማጂ» የተባለው በዚሁ ነው፤ ማጂ በስዋሂሊ ውሃ ማለት ነውና። ጥይቱ ጥይት ሆኖ ቀረ። እንሳቅባቸው እንዴ? ኧረ አይሆንም! ያ ውሃ ተለያይተው የኖሩ ነገዶችን በአንድ ላይ አስነሥቷል።

የሚሠራ አስማት ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ግን የሰቆጣን አገር ሰው ታሪክ ይመልከት። ዋግሹም ጎበዜ ዘሩን ከዛጉዌ ከሚቆጥረው ከዋግ ገዥ ቤት የተወለደ ነው፤ ከአጼ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። በ1863 ዓ.ም. ክረምት በትግራዩ በካሳ ምርጫ፣ ማለት በገዛ ሚስቱ በድንቅነሽ ወንድም ላይ ዘመተ። ሠራዊቱ 60,000 ገደማ፣ የካሳ 12,000 ገደማ ነበር ይባላል። በቁጥር ከሆነ ነገሩ ያለቀ ነበር። ካሳ ግን በ1860 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ላደረገው እርዳታ መድፍና ጠብመንጃ ተቀብሏል፤ ወታደሮቹንም ኪርክሃም የሚባል እንግሊዛዊ አሠልጥኖለታል። በሐምሌ ወር ዓድዋ አጠገብ አሳም ላይ ትልቁ ጦር ተበተነ፣ ንጉሡ ተማረከ። ካሳም በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም አጼ ዮሐንስ ተብሎ ዘውድ ጫነ።

የዋግ ዘማች ያን ቀን የገጠመው ነገር አስማት ካልሆነ ምን ይባል? በእርግጥ በእሱም ወገን ጠብመንጃ አልነበረም አንልም። ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ጦር ሲወረውር ያደገ ሰው፣ እጁ ከማይደርስበት ርቀት በሚወረወር እሳት ወደቀ። የሚሠራ አስማት እንዲህ ነው፤ ለደፋር አያደላም፣ ከመርከብ ላወረደ ባዕድ ወዳጅ ለሆነ እንጂ። የዋጉ ሰው ድፍረት በዚያ ቀን በአንዲት ፍሬ እንኳ አልቀነሰም፤ ዋጋው ነው የጠፋው። ጥይት የማይበሳው ሰው ቢኖርማ ወደ ግንባር ሲሄድ ገበያ እንደሚሄድ ነው፤ ምኑን ነው የምንዘፍንለት? መሞት የሚችለውን ነው ጀግና የምንል።

ከሰው ወገን ያልሆኑትን ነገዶች ደግሞ እኛው ፈጥረናቸዋል። ጦሩን፣ ጎራዴውን፣ ማረሻውን የሚቀጠቅጠው ባለ እጅ ቡዳ ተባለ፤ ማታ ጅብ ይሆናል ተባለ። በባሕር ማዶ ልብ ወለድ ድንኩ ቀጥቃጭ ቢያንስ ከጀግኖቹ ጋር ማዕድ ይቆርሳል። የኛው ግን በሠራው ጦር ተዘምቶ ዓይኑ ይፈራል። አጼ ቴዎድሮስ መድፍ ሲሹ በጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያንን ማሠራት ግድ ሆነባቸው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

አሳም ላይ የወደቀው ዘማች ክታቡን የጻፈለትን ደብተራ ስም ሳያውቅ አልቀረም። በእጁ የያዘውን ጦር የሠራለትንስ ሰው ማን ብሎ ይጠራው ነበር?