አሸናፊው ዋናተኛው ነው ወይስ ልብሱ?



እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ሮም በተደረገው የዓለም የውኃ ዋና ሻምፒዮና ጀርመናዊው ፖል ቢደርማን በ200 ሜትር ነጻ ቀዘፋ አሜሪካዊውን ማይክል ፌልፕስን ቀደመ። የፌልፕስ ልብስ ያለፈው ዓመት ሲሆን የቢደርማን ግን በሙሉ ከፖሊዩሪቴን የተሠራ ነበር። ይህ ልብስ ውኃ አያስገባም፤ ሰውነትን አጥብቆ ይይዛል፤ ዋናተኛውንም ከፍ አድርጎ ያንሳፍፋል። በዚያ ሻምፒዮና ብቻ 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ።

በክፍላችን ስንወያይ ብዙዎቻችን «አጭበርብሯል» ብለን ቸኩለን ፈረድን። ነገር ግን ሕጉ ፈቅዶለት ነበር፤ እርሱም ልብሱ እንደ ረዳው አልካደም። የሚያጭበረብር ሰው ይሰውራል እንጂ አይናገርም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ከታጋይ የሚጠብቀው በሕግ መታገሉን ነው። እንግዲህ በደሉ ሕጉን ባላሉት ዘንድ ነው እንላለን፤ ልብሱን ማግኘት ያልቻለ ወጣት ገና ውኃ ሳይገባ ተቀድሞአልና።

የዓለም የውኃ ዋና ፌዴሬሽን ልብሱን ከ2010 መጀመሪያ አንሥቶ ከለከለ፤ ክብረ ወሰኖቹን ግን አልሰረዘም። ከእኛ ከፊሎቹ «በጨርቅ ልብስ የሚዋኙት እንዴት ይድረሱበት? ይሰረዝ!» ሲሉ፣ የቀሩት «ሕግ አክብሮ የዋኘ ለምን ይቀጣል?» ይላሉ። በዚህ እስከ አሁን አልተስማማንም።