አንድ ጊዜ የተባለ እሺታ

ሰው ዝም ሲል ተስማማ ማለት ነውን? ጥያቄው አዲስ አይደለም። በፍልስፍና ክፍል ስንሰማው ስለ መንግሥትና ስለ ዜጋ ብቻ የሚያወራ ይመስለን ነበር። በገዛ እህታችን ትዳር ውስጥ ተቀምጦ እስክናገኘው ድረስ ክብደቱ አልገባንም። ስለዚህ ጥያቄውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመንገድ እንጀምረዋለን።

ታላቅ እህታችንና ባለቤቷ ሎስ አንጀለስ ከተማ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ባልየው ሲያትል ውስጥ ከቀድሞው የተሻለ ሥራ አገኘ። ስልኩን እንደዘጋ «አገኘሁ!» አላት። እሷም «እንኳን ደስ ያለህ!» አለችው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ በራሱ ጊዜ ሄደ። የቤት ኪራዩ ውል ተቋረጠ፣ ዕቃው ታሽጎ በጭነት መኪና ቀደመ፣ ወዳጆች የሽኝት ቡና አፈሉ። እህታችን ግን የምትተወው ነገር ነበራት። በአረጋውያን መጦሪያ ያላትን ሥራ፣ ዕቁቧን፣ የምትሳለመውን ቤተ ክርስቲያን፣ ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ በተሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ የምትገዛበትን ሱቅ መተዋት ነበር። «ትሄጃለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። እሷም «አልሄድም» ያለችበት ቀን የለም።

ከሎስ አንጀለስ ሲያትል የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በመሐል አገር የሚያልፈው ኢንተርስቴት አምስት ሲሆን ርዝመቱ 1,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ ቢነዱት በሁለት ቀን ይጨርሱታል። ሁለተኛው የፓስፊክን ውቅያኖስ ጠርዝ ይዞ፣ ከገደልና ከባሕር መካከል እየተጠማዘዘ የሚወጣው ነው። ባልየው «ጫጉላ እንኳ በወጉ አልወጣንም፤ ባሕሩን እያየን ቀስ ብለን እንሂድ» አለ። ስድስት ቀን መደቡለት።

ይህን በዶርማችን ስናወራ ሐሳብ ተከፋፈለ። አንዱ «ይህማ ፍቅር ነው፤ ሰውዬው አዋቂ ነው» አለ። ሌላው ሳቀና «ምን ፍቅር ነው! መደለያ ነው እንጂ። ልጅ መርፌ ሲወጋ ከረሜላ እንደሚሰጠው ነው» አለ። እኛ በዚያን ሰዓት ለሁለቱም መልስ አልነበረንም።

እንግዲህ መጽሐፉን እዚህ ላይ እንግለጠው። ጆን ሎክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለ መንግሥት በጻፈው ሁለተኛ ድርሳኑ፣ ሰው በቃል «ተስማምቻለሁ» ባይል እንኳ በአንድ አገር ሕግ ጥላ ሥር መኖሩ ራሱ እንደ ስምምነት ይቆጠራል ይላል። ምሳሌው ለኛ ነገር እጅግ ይገርማል፦ በአገሩ ጎዳና ላይ በነፃነት መጓዝ ብቻ እንኳ ይበቃል ይላል። በሎክ ሚዛን ብንሄድ እህታችን መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ባሰረች ጊዜ ነገሩ አልቋል። ጎዳናው ላይ ነች፤ ስለዚህ ተስማምታለች!

ዴቪድ ሂውም ግን በ1748 ባወጣው ድርሰቱ ይህን ሐሳብ አጥብቆ ተቃወመ። ተኝቶ ሳለ ተሸክመው መርከብ ላይ የጫኑትን ሰው አስቡ ይላል። ሲነቃ መርከቡ መሐል ባሕር ላይ ነው። ልውረድ ቢል ያለው ምርጫ ውቅያኖስ ውስጥ ዘሎ መሞት ነው። ታዲያ ይህ ሰው በመርከቡ ላይ በመቆየቱ የመርከቡን አዛዥ ሥልጣን በፈቃዱ ተቀበለ እንበልን? በሂውም ሚዛን ደግሞ የእህታችን ዕቃ ቀድሞ ሄዷል፣ የቤቷ ቁልፍ ለባለቤቱ ተመልሷል፣ በስተግራዋ ያለው ባሕር ብቻ ነው።

እኛ ከሁለቱ የሂውም ወገን ነን። ይሁን እንጂ በሂውም ብቻ አናቆምም፤ ምክንያቱም ባል የመርከብ አዛዥ አይደለም፣ ሚስትም ተኝታ የተጫነች መንገደኛ አይደለችም። በትዳር ውስጥ ያለው ዝምታ ከዚህ የረቀቀ ነው። ዝም የምንለው ስለተገደድን ብቻ ሳይሆን ስለምንወድ፣ የሌላውን ደስታ ማደፍረስ ስለምንፈራ ነው። «እንኳን ደስ ያለህ» የምር ነበር። እህታችን በእውነት ደስ ብሏት ነበር። ጥፋቱ ደስታዋን ለፈቃዷ መቁጠር ላይ ነው።

ወደ መንገዱ እንመለስ፤ መንገዱ ራሱ የሚያስተምረው አለውና። በካሊፎርኒያ ቢግ ሰር በሚባለው ቦታ ተራራው ቁልቁል ባሕር ውስጥ ይገባል። መንገዱ የተሠራው ከሥራው መጀመሪያ አንሥቶ ወደ ሃያ ዓመት ግድም በፈጀ ድካም ሲሆን ለትራፊክ የተከፈተው በ1937 ነው። በ1932 የተጠናቀቀው የቢክስቢ ድልድይ በአንድ ቅስት ብቻ ገደሉን ይሻገራል፤ ሰው ሁሉ እዚያ ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሳል። እህታችንም የላከችልን ፎቶግራፍ እዚያ የተነሳ ነው። ፈገግ ብላለች፤ ዓይኗ ግን ካሜራውን አያይም።

ከድንጋይ ቆፋሪዎቹ መካከል ከሳን ክዌንቲን እስር ቤት የመጡ እስረኞች ነበሩ። በቀን 35 የአሜሪካ ሳንቲም ይከፈላቸው ነበር፤ ከእስራት ዘመናቸውም ይቀነስላቸው ነበር። እንበልና ከነሱ አንዱ «እሺ፣ እቆፍራለሁ» አለ። ከጀርባው የእስር ቤት ግድግዳ ብቻ ላለው ሰው ይህ እሺታ ምን ያህል እሺታ ነው? የእስረኛን ዕጣ ከእህታችን ዕጣ ጋር ማስተካከላችን አይደለም፤ ያ ለእስረኞቹ ስድብ ይሆናል። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ የእሺታ ዋጋ የሚለካው ከጎኑ በነበረው የእምቢታ በር ስፋት ነው። እምቢ ማለት የማይቻልበት ቦታ እሺ ማለትም ባዶ ይሆናል።

ሁለተኛው ትምህርት ይህ ነው። ያ መንገድ በ1937 ተሠርቶ አላለቀም። ክረምት በመጣ ቁጥር ተራራው ይንሸራተታል። በ2017 ግንቦት ወር መድ ክሪክ በተባለው ቦታ የተራራው ጎን እንዳለ ወርዶ መንገዱን ቀበረው። እንደገና የተከፈተው ከአሥራ አራት ወር በኋላ፣ በ2018 ሐምሌ ነው፤ የወጣበትም 54 ሚሊዮን ዶላር ነው። አዲሱ መንገድ የተዘረጋው ከተናደው አፈር በላይ ነው። እህታችን ካለፈችበት ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በ2023 ጥር፣ ማዕበልና ናዳ ያንኑ የቢግ ሰር መንገድ መልሶ ዘጋው። መሐንዲሶቹ «አንድ ጊዜ ሠርተነዋል እኮ» ብለው አልተቀመጡም።

ከሳን ፍራንሲስኮ በላይ ዝግባ መሰሎቹ ረጃጅም ዛፎች መጡ፤ ከዚያ ኦሪጎን መጣ። በኦሪጎን የባሕሩ አሸዋ የሁሉም ነው። በ1913 በሕግ የሕዝብ ጎዳና ተብሎ ነበር፤ በ1967 የወጣው ሕግ ደግሞ ማንም አጥሮ «የኔ ነው» እንዳይለው አደረገ። ባልና ሚስቱ በዚያ አሸዋ ላይ ለረጅም ሰዓት በእግራቸው ሄዱ። ሳይነጋገሩ ነው የሄዱት። «ዝም አይነቅዝም» ይላል የአገራችን ሰው። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውም ይኸው የአገራችን ሰው ነው። አባባል ሁለቱንም ወገን ያገለግላል፤ ስለዚህ መሟገቻ እንጂ መፍረጃ አይሆንም።

በአምስተኛው ቀን አስቶሪያ ደረሱ። እዚያ የኮሎምቢያ ወንዝ ወደ ውቅያኖሱ ይገባል፤ በላዩ በ1966 የተከፈተ 6.5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ድልድይ ተዘርግቷል። ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት ሰው የሚሻገረው በጀልባ ነበር። ከወዲያ ማዶ ዋሽንግተን ነው፤ አዲሱ ቤት ያለበት ክፍለ ግዛት። ድልድዩ ገና ከሩቅ ሲታይ እህታችን «አቁም» አለችው። አቆመ።

«ሥራውን ስታገኝ እኔን ምን ብለህ ጠየቅኸኝ?»

«እንዴ! እንኳን ደስ ያለህ አላልሽኝም እንዴ?»

«ብያለሁ። እሱ ምርቃት ነው። መልስ አይደለም።»

ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ከፈለግሽ እንመለስ» አላት። ሳቀች። «ወዴት? ቤቱ ሰው ገብቶበታል» አለችው። ልብ በሉ፤ «እንመለስ» ማለቱ ደግነት ይመስላል፤ ግን የማይከፈት በር ማሳየት ነው። የሂውም መርከብ ይኸው ነው። በደለኛው ወገን ከቅን ልብ እንኳ ተነስቶ የማይቻል ምርጫ ሲያቀርብ፣ ሸክሙን መልሶ በተበዳዩ ጫንቃ ላይ ያኖረዋል።

ያን ሌሊት አስቶሪያ አደሩ። ያደረጉት ነገር ትንሽ ነው፤ ግን የሚቻል ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ቤት ሳይገዙ ተከራይተው እንዲኖሩ፣ ሰፈሩን እሷ እንድትመርጥ፣ የነርስነት ትምህርቷን ከሁሉ በፊት እንድትጀምር፣ ዓመቱ ሲሞላ ደግሞ «እዚህ እንኑር ወይ?» የሚለው ጥያቄ በግልጽ፣ በአፍ እንዲጠየቅ ተስማሙ። በማግስቱ ድልድዩን ሲሻገሩ መሪውን የያዘችው እሷ ነበረች።

ይህን ስንናገር ያ ጓደኛችን «መሪ መያዝ ምን ይለውጣል? ያው ሲያትል ነው የገባችው» አለን። እውነቱን ነው፤ አቅጣጫው አልተለወጠም። እኛ ግን እንዲህ እንላለን። ተከትሎ መሄድና አብሮ መሄድ በካርታ ላይ አንድ መስመር ናቸው። ልዩነታቸው ካርታ ላይ አይታይም፤ በሰው ኅሊና ውስጥ ግን ትልቅ ልዩነት ነው።

ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞም አለ። እሺታ ዕለት ዕለት የሚታደስ ከሆነ ቃል ኪዳን ምን ይረባል? ሰው ጠዋት በተነሳ ቁጥር «ልቀጥል ወይስ ልተው?» እያለ እንዴት ጎጆ ይቀልሳል? ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም። መልሳችን ከቢግ ሰር ይመጣል። እዚያ ክረምት በመጣ ቁጥር «መንገድ ይኑር አይኑር» ተብሎ አይጀመርም። መንገዱ እንዲኖር ተወስኗል፤ ተራራው ግን ዝም ብሎ አይቀመጥምና ይጠገናል። መጠገንና እንደገና መወሰን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቃል ኪዳን ጥያቄን የሚዘጋ ማኅተም ሳይሆን ጥያቄን ያለ ፍርሃት ለማንሳት የሚያስችል መሠረት ነው። እንዳትሄድብኝ የምፈራትን ሴት «ደስ ብሎሻል ወይ?» ብዬ ለመጠየቅ እፈራለሁ። እንደማትሄድብኝ ካወቅሁ ግን ልጠይቃት እደፍራለሁ።

ነገሩ የውጭ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስል ወደ ቤታችን እንመለስ። አያታችን ስትዳር በበቅሎ ተጭና፣ ፊቷን ተሸፍና ነው የሄደችው። «መንገዱ እንዴት ነበር?» ብለን ስንጠይቃት «ምን አይቼው!» ትለናለች። ወደ አዲሱ ቤቷ የወሰዳትን መንገድ አላየችውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ቢሆን ባልና ሚስት የሚኖሩበትን ቦታ የመምረጥ ሥልጣን ለባል ሰጥቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ግን ሁለቱ ተስማምተው ይወስኑ ይላል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ሕግ «ተስማምተው» ይላል እንጂ «እንኳን ደስ ያለህ» ስምምነት መሆን አለመሆኑን ገብቶ አያዳምጥም። ያን የሚያዳምጥ ጆሮ ያለው የቤቱ ሰው ብቻ ነው።

እኛም ነገ ተመርቀን ሥራ ወደተገኘበት እንበተናለን። ከመካከላችን ብዙዎቹ ሰው አስከትለው፣ ወይም ሰው ተከትለው ይሄዳሉ። የባሕር ዳር መንገድ መደለያ ነው ወይስ ፍቅር ለሚለው የዶርም ክርክራችን መልሱን አሁን አግኝተነዋል ብለን እናምናለን፦ መንገዱ ራሱ ሁለቱንም አይደለም። ጥያቄው ካልተጠየቀ ከረሜላ ነው። ከተጠየቀ ግን መዘግየቱ ጥቅም አለው፤ ለመናገር ጊዜ ይሰጣልና። በሁለት ቀኑ መንገድ ቢሄዱ ኖሮ «አቁም» የሚለው ቃል ከአፏ ሳይወጣ ሲያትል በገቡ ነበር።

ዓመቱ ሲሞላ ጥያቄውን ያነሳው ባልየው ነበር፤ ራሱ ቀኑን ቆጥሮ፣ ራት ላይ። እህታችን ይህን በስልክ ስትነግረን ድምጿ ላይ ያልሰማነው አንድ ነገር ነበረ። ምን ብላ እንደመለሰችለት ግን አልነገረችንም። እኛም አልጠየቅናትም። ጥያቄው የኛ አልነበረምና።