ሰው በሞተሩ ይታወቃልን?

በደሴ ከተማ በቧንቧ ውሃ ሰፈር ማለዳ ከደጁ የሚቆም ሰው፥ ፀሐይ ገና የጦሳን አናት ስትነካ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው የሞተር ብስክሌት ድምፅ ነው። አንዱ እንደ ሳል እየተቆራረጠ ይሄዳል፤ ሁለተኛው እንደ ንብ እያዜመ ይሄዳል፤ ሦስተኛው ደግሞ የተኛውን ጎረቤት ሁሉ ቀስቅሶ ያልፋል። እኔም ከደጄ ቆሜ በድምፁ ብቻ ስንት ጊዜ ፈረድሁ! «ይህ ቁጥብ ነው፤ ይህ ትዕቢተኛ ነው፤ ይህስ እናቱ ያልገሠጸችው ነው» እያልሁ። ከፈረድሁባቸው ሰዎች የአብዛኛዎቹን ፊት እንኳ አላውቅም። አንባቢ ሆይ፥ እንዲህ ያለው ፍርድ በአንተም ልብ አልፎ እንደ ሆነ፥ ነገሩን አብረን እንመርምረው። ሰው መርጦ በሚቀመጥበት ነገር ጠባዩ ይታወቃልን?

ይህ አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ አጥብቀው ያምኑበት ነበርና ጀግናውን በፈረሱ ስም ጠሩት። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተባሉ። የእኛም አገር ንጉሥ ሚካኤል፥ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የወሎን ፈረሰኛ የመሩት፥ በ1906 ዓ.ም. በዚሁ በደሴ የነገሡት፥ አባ ሻንቆ ነበሩ። ሰውየው ለፈረሱ ስም ያወጣል፤ ፈረሱም ያን ስም መልሶ ለሰውየው ያወርሰዋል።

ነገር ግን እነዚህን ስሞች ቀረብ ብሎ ለሚመለከታቸው አንድ ነገር ይገለጥለታል። ታጠቅ፥ በዝብዝ፥ ዳኘው፥ ጠቅል፤ አራቱም ትእዛዝ ናቸው። ደፋር ወይም አስተዋይ ወይም ርኅሩኅ የሚል የጠባይ ስም ከመካከላቸው አንድ እንኳ የለም። እንግዲህ ፈረሰኛው «እኔ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ» ብሎ አልመሰከረም፤ «እንዲህ አድርግ» ብሎ ራሱን አዘዘ እንጂ። ስሙ በተጠራ ቍጥር ትእዛዙ ይደገምለታል። ትእዛዝ ደግሞ ሊፈጸምም ሊፈርስም የሚችል ነገር ነው፤ ማን እንደ ፈጸመው የሚታወቀው በውጊያው ማታ ነው፥ በሰልፉ ጧት አይደለም።

ደግሞ መኳንንቱ ሁልጊዜ በፈረስ አልተቀመጡም። በመንገድ የሚቀመጡት በበቅሎ ነበር፤ ፈረሱ ተጭኖና ተሸልሞ በስተኋላ ይሳብላቸዋል። ጦርነቱ ሲደርስ ከበቅሎው ወርደው በፈረሱ ይቀመጡ ነበር። ታዲያ የሰውየው ጠባይ የትኛው ነው? የበቅሎው ዝግታ ነውን፥ ወይስ የፈረሱ ቍጣ? እኔ እንደሚመስለኝ፥ የሚቀመጥበት ነገር የሚናገረው ሰውየው በዚያች ሰዓት በምን ሥራ ላይ ያለሁ ብሎ እንደሚያስብ ነው። ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ስኳር ሊገዛ ሲሄድ እንደ ዘመቻ የሚጋልበው ጎልማሳ በጠባዩ ክፉ ላይሆን ይችላል፤ በበቅሎ የሚኬደውን መንገድ በፈረስ ሄደበት እንጂ።

ጌታችንም በሆሳዕና ዕለት ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ በአህያ ውርንጫ የተቀመጠው ፈረስ ታጥቶ አይደለም። የዘካርያስን ትንቢት ያነበበ ሰው ምልክቱን ያስተውለዋል። ሆኖም ደቀ መዛሙርቱ እንኳ ይህን በመጀመሪያ እንዳላስተዋሉት፥ ያስተዋሉትም ከቆየ በኋላ እንደ ሆነ ወንጌላዊው ዮሐንስ ጽፏል። አብረውት የኖሩት በዚያው ቀን ያላነበቡትን ምልክት፥ እኔ የማላውቀውን ሰው በአጥር ቀዳዳ አይቼ በቅጽበት አነበብሁት ማለቴ ያሳፍራል።

በአውሮፓም ለሞተር ብስክሌት ስም ያወጣ ሰው ነበረ። ቶማስ ኤድዋርድ ሎረንስ የሚባለው፥ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በዐረብ አገር ስሙ የገነነው እንግሊዛዊ፥ ብራፍ ሱፔሪየር የሚባለውን ፈጣን ሞተር እጅግ ይወድ ነበርና ቦአኔርጌስ ብሎ ጠራው። ይህ ስም ጌታችን ለዘብዴዎስ ልጆች ያወጣላቸው፥ ትርጓሜውም የነጐድጓድ ልጆች የሆነው ነው። በግንቦት 1927 ዓ.ም. ከቤቱ አጠገብ በዚያው ዐይነት ሞተር ሲጋልብ፥ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆች በመንገዱ ላይ ነበሩ። እነርሱን ላለመግጨት ዘወር ሲል ወደቀ፥ በስድስተኛውም ቀን ሞተ። ሞተሩን ነጐድጓድ ብሎ የሰየመው ሰው በመጨረሻዋ ቅጽበት የሠራው ሥራ የነጐድጓድ ሥራ አልነበረም። ሞተሩን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይችል ነበርን? ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ ከዚያ በኋላ በሞተረኞች የራስ ጉዳት ላይ ምርምር አድርጎ፥ የራስ ቍር ማድረግ ነፍስ እንደሚያድን አስረዳ። ዛሬ በከተማችን የራስ ቍሩን ከራሱ ላይ ሳይሆን ከክንዱ ላይ አንጠልጥሎ የሚሄደው ወጣት ይህን ታሪክ ቢሰማ መልካም ነበር።

ከዚህም ሌላ፥ ብዙው ሰው የሚቀመጥበትን አልመረጠም። የግብርናና የጤና ባለሙያ በገጠር የሚሄድበት ያማሃ ኤጂ ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው፥ ሰንሰለቱም ጭቃ እንዳይነካው በሽፋን ተዘግቷል። ባለሙያው ግን መሥሪያ ቤቱ ስለ ሰጠው ተቀመጠበት እንጂ ትሑት ስለ ሆነ አይደለም። የህንዱን ቦክሰር የገዛውም ብዙ ጊዜ የገዛው ዋጋው ስለ ተስማማውና መለዋወጫው በቅርብ ስለ ተገኘለት ነው። አንዳንድ ጊዜማ በሞተሩ ላይ የሚታየው የሠሪው ጠባይ ነው። ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሚባለው የኢጣልያ መሐንዲስ ሄሊኮፕተር ሠሪ ነበረና ሞተር ብስክሌትን ይጠላ ነበር፤ ልብስ ያቆሽሻል፥ አቀማመጡም አይመችም እያለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. ስለ ወጣችው ስለ ቬስፓ ሥራ ሲታዘዝ፥ የጠላውን ሁሉ አስወገደ፤ ሞተሯን ሸፈነ፥ በፊቷም እግር የሚያልፍበትን ቦታ ክፍት አደረገው። ለካህን ቀሚስ ከርሷ የተሻለ የሚመች ያለ አይመስለኝም።

ከአዲስ አበባ የሆነውም ሊታሰብ ይገባዋል። በሞተር የሚቀሙና የሚዘርፉ ሰዎች በዝተዋል ተብሎ፥ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የተለየ ፈቃድ ከተሰጣቸው በቀር ሞተር ብስክሌቶች በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ ተከለከሉ። የተዘረፈው ሰው እንባ እውነተኛ ነው፤ ሕግ አውጪውም ዝም ሊል አይችልም ነበር። ነገር ግን በዚያን ቀን ሌባውም፥ ዕቃ አድርሶ ልጆቹን የሚያበላውም በአንድ ስም ተጠሩ፤ ሁለቱም «ሞተረኛ» ሆኑ። እኔ ከደጄ ቆሜ በልቤ የማደርገውን ከተማው በአዋጅ አደረገው ማለት ነው።

ታዲያ ጠባይ ከቶ አይታይምን? ይታያል፥ ግን በግዢው ቀን አይመስለኝም። ሮበርት ፐርሲግ የሚባል አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. ከልጁና ከወዳጆቹ ጋር በሞተር ረጅም መንገድ ሄዶ፥ ስለዚያ የፍልስፍና መጽሐፍ ጻፈ። በመጽሐፉ እንደ ተነገረው፥ የወዳጁ ሞተር የታወቀው የጀርመን ቢ ኤም ደብልዩ ነበረ፤ መሪው ላልቶ ይንሸራተት ጀመር። ጸሐፊው ከቢራ ቆርቆሮ ቀጭን ቍራጭ ቆርጦ በመካከሉ ቢያስገባለት እንደሚጠብቅ ነገረው፤ ለዚያ ሥራ ከዚያ የሚሻል ብረት አልነበረም። ወዳጁ ግን ተቀየመ፤ የከበረውን ሞተር በቢራ ቆርቆሮ! በእኛ አገር ጋራዥ ይህ ነገር ቢነገር ሠራተኞቹ ይሥቃሉ፤ ከዘይት ጣሳ ቆርጦ የላላውን ማጥበቅ የየዕለት ሥራቸው ነውና። ያ ሰው የወደደው ሞተሩን አይመስለኝም፤ በሞተሩ መስታወት የሚታየውን ራሱን ነው። ይህን ለማወቅ ግን መሪው እስኪላላ መጠበቅ አስፈለገ።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ ይህን ሁሉ ያጻፈኝ የእኅቴ ልጅ ነው። እርሱ ከእኛ ጋር በቧንቧ ውሃ ይኖራል፥ በኮምቦልቻ ይሠራል፤ በየቀኑም የሐረጎን ጠመዝማዛ ቍልቍለት ይወርዳል፥ ማታም ያንኑ ዳገት ይወጣል። ሞተር ለመግዛት የቈጠበው አልበቃ ቢለው ወደ እኔ መጣ። ዐይኑን የጣለበት ቀይ አፓቼ ነበረ። እኔም ቀዩን ቀለም በሰማሁ ጊዜ ያ ጎረቤት የሚቀሰቅሰው ድምፅ ትዝ አለኝና፥ «ባለ 100 ቦክሰር የምትገዛ እንደ ሆነ የጎደለውን እሞላለሁ፤ አለዚያ አልሰጥህም» አልሁት። «እሺ ጋሼ» አለ። በዚያን ጊዜ ትሕትናን ያስተማርሁት መስሎኝ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ከኋላው አስቀምጦ አመጣኝ። ሁለት ሰው የጫነችው ያች ትንሽ ሞተር በሐረጎ ዳገት ስታቃስት፥ የጭነት መኪናውን ለማለፍ ስትሞክርም ጉልበቷ ስለሚያንስ ከጎኑ ብዙ ስትቆይ፥ ከላይም ሌላ መኪና ሲመጣብን አየሁ። ያን ዕለት በልቤ የሮጠውን ፍርሃት ለማንም አልተናገርሁም። እኔ ለእርሱ ደኅንነት የመረጥሁለት መስሎኝ፥ በእውነቱ የመረጥሁት ጎረቤት ስለ እኔ የሚናገረውን ነበር፤ «የእገሌ የእኅት ልጅ ጭምት ነው» እንዲባልልኝ። በገንዘቤ ሞተር ብቻ አልገዛሁም፤ በሌላ ሰው ፈረስ ላይ የራሴን ትእዛዝ ጻፍሁበት።

ከቤት ደርሰን ስወርድ፥ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ቃል አየሁ፤ «ታገሥ» ይላል። የአባቶቻችንን የፈረስ ስም ያስብ ወይም አያስብ እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም። የጠየቅሁት፥ «ይህን ለማን ጻፍኸው? ለራስህ ነውን?» ብዬ ነው። እርሱም ፈገግ ብሎ፥ «ለርሷ ነው ጋሼ፤ ዳገት ላይ ስትደክም እንድታየው» አለኝ። ለእኔም እንደ ነበረ ሁለታችንም ዐወቅን።

በማግሥቱ፥ ይህችን ሽጦ የወደደውን እንዲገዛ፥ የጎደለውንም ያለ አንዳች ውል እንደምጨምርለት ነገርሁት። ቀዩን አፓቼ ይዞ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንዳልናገርም ምላሴን አስሬ ነበር። እርሱ ግን ሁለት ሳምንት አሰበበት። በመጨረሻ ይዞት የመጣው በጨረታ የተሸጠ አሮጌ ያማሃ ኤጂ ነበር፥ ባለ 200፥ ቀለሙ የለቀቀ። የፊተኛውን መጫኛ ለእናቱ የገበያ ዕቃ፥ የኋለኛውን ለሥራ መሣሪያው አደረገው። ሰንሰለቱን ከሽፋኑ አውጥቶ ከደጃፋችን ተቀምጦ ሲያጥብ ዋለ፤ እኔም ወንበር አውጥቼ አጠገቡ ተቀመጥሁ። በዚህኛው ላይ እስካሁን ምንም ስም አልጻፈበትም።