አስታማሚ የሌለው ሕመምተኛ



ሰው መድኃኒት መግዣ አጥቶ በሚንገላታበት አገር ውሻና ድመት ሐኪም ቤት ማስተኛት ተገቢ ነውን? ይህ ጥያቄ በእኛ በወጣቶች መካከል ሲነሣ ብዙ ጊዜ በሳቅ ይጀምርና በቁጣ ይፈጸማል። የሚስቁት «ውሻም ካርድ ያወጣል እንዴ!» ይላሉ። የሚቆጡት ግን ሁለት ወገን ናቸው፤ አንዱ ወገን ለእንስሳ የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ከድኻ አፍ የተነጠቀ ነው ይላል፤ ሌላው ወገን እንስሳ ከሰው ይሻላል እስከ ማለት ይደርሳል። እኛ ከሦስቱም ጋር ለመስማማት አልቻልንም። ሕመም የሚሳቅበት ነገር አይደለም። እንስሳ ከሰው ይሻላል የሚለውም አነጋገር ሰው ያስቀየመው ሰው ምሬት እንጂ ትምህርት ሊሆን አይችልም፤ ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል የተፈጠረ መሆኑን እናምናለንና። የቀረው የድኻው ነገር ነው፤ እርሱን ግን በቀላሉ ልናልፈው አይገባም።

አስቀድመን አንድ ነገር እናስተውል። በሬ ቢታመም ይህን ጥያቄ የሚያነሣ የለም። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 ባለው ዘመን፣ አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው በሚጠሩት፣ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገብቶ በሬውን ፈጀው፤ በሬው ሲያልቅ እርሻው ጦም አደረ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ከአያቶቹ ሰምቶታል። ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ላይ መጥፋቱ ሲታወጅ፣ ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በክትባት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1979 በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋምም «ለምን?» ያለ ሰው አልነበረም፤ በሬ ያርሳል፣ ላም ታጠባለች፣ አህያ ትሸከማለችና። እንግዲህ ጥያቄው የሚነሣው በውሻና በድመት ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ይኸውም ከእነርሱ የምናገኘው ጥቅም ትንሽ መስሎ ስለሚታየን ነው። ስለዚህ በሬን ስናክም ያደረግነው ምሕረት ነው ወይስ ሒሳብ? ብለን ራሳችንን ብንጠይቅ መልሱ የሚያኮራን አይመስለንም።

በርግጥ በጥቅምም ቢሆን መከራከር ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ወደ 59,000 ያህል ሰው በእብድ ውሻ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ይድናል ማለት የማይቻል በሽታ ነው። ይሁን እንጂ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 ከመቶው ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ባለቤት የሌለውን ውሻ በመርዝ መፍጀት ግን፣ ለብዙ ዘመን የተሠራበት ቢሆንም፣ በሽታውን አላቆመውም። (በዚህ አጋጣሚ፣ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መድረስ እንዳለበት ለቤተሰቦቻችሁ ንገሩልን።) ስለዚህ የውሻ ሐኪም የሰው ልጅም ጠባቂ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ ክርክሩን ብንረታ አሁንም ወደ ሒሳቡ ተመለስን ማለት ነው። እኛ የምንፈልገው ሌላውን ነው፤ ምንም የማይከፍለን፣ ምንም የማይመሰክርልን ፍጡር በእጃችን ሲወድቅ ምን እናደርጋለን?

ወደ ሐኪም ቤቱ እንግባ። በአገራችን ሰው ታሞ ሲተኛ ብቻውን አይተኛም። አስታማሚ አለው። እናት፣ እኅት፣ የአክስት ልጅ፣ ቢጠፋ ቢጠፋ የአገር ልጅ አልጋው ሥር ጋቢ አንጥፎ ያድራል። ሾርባውን የሚያመጣ፣ ግሉኮሱ ሲያልቅ ነርስ የሚጠራ፣ «ኧረ ልጄ ታመመብኝ!» ብሎ የሚጮኽ እርሱ ነው። በሆስፒታል የቆየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው አስታማሚ ያለው ሕመምተኛና አስታማሚ የሌለው ሕመምተኛ የሚያገኙት እንክብካቤ እኩል አይደለም። የውሻና የድመት ሆስፒታል ግን የተኙት ሁሉ አስታማሚ የሌላቸው ናቸው። ባለቤቱ ካርዱን አስሞልቶ፣ ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶ፣ ራሱን ዳብሶት ይሄዳል። በሩ ሲዘጋ በፍርግርጉ ውስጥ ያለው ፍጡር ውኃው ቢደፋ «ውኃ» አይል፣ ፋሻው ቢጠብቅበት «ፍታልኝ» አይል፤ ሲነጋ ባለቤቱ መጥቶ «እንዴት አደርክ?» ቢለው ስለ ሌሊቱ የሚናገረው ነገር የለም።

እዚህ ላይ ነው የሠራተኛው ኅሊና የሚፈተነው። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ውሻ ከማደንዘዣው እስኪነቃ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ በብርድ ልብስ መሸፈን፣ ከጎን ወደ ጎን ማገላበጥ፣ ለመተንፈሻ የገባውን ቱቦ መዋጥ እስኪጀምር ጠብቆ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርገው ረዳቱ አጠገቡ ቁጭ ካለ ነው። ሻይ ሊጠጣ ወጣ ብሎ ቢመለስ ምናልባት ምንም አይደርስም፤ ቢደርስም «ማደንዘዣው ከበደው» ተብሎ ይጻፋል፤ የሚያውቀው ረዳቱና እግዚአብሔር ብቻ ናቸው። ቡችሎችን የሚፈጀው ፓርቮ የሚባለው የተቅማጥና የትውከት በሽታ ደግሞ ተሕዋሱ በወለልና በዕቃ ላይ ለወራት ሳይሞት ይቆያል፤ በተራ ሳሙናም አይጠፋም፤ በረኪና ያጠፋዋል። እንግዲህ ከታመመው ቡችላ ተነሥቶ ወደ ጤነኛው ሲሄድ እጁን የታጠበና ያልታጠበ ሠራተኛ ልዩነታቸው የሞትና የሕይወት ነው፤ ነገር ግን የትኛው እጁን እንዳልታጠበ መስክሮ የሚከስ ቡችላ የለም። በዚህ ቤት ውስጥ መጥረጊያ የያዘችው የጽዳት ሠራተኛ ሥራ ከሐኪሙ መርፌ የሚያንስ አይደለም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ደመወዟ ግን ያንሳል፤ ስሟንም የውሻው ባለቤት አያውቀውም።

ይህ እንክብካቤ ርኅራኄ ብቻ የሚበቃው እንዳይመስለን። ለሰው ትኩሳት የሚባለው 38 ዲግሪ ተኩል ለውሻ ጤናው ነው። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች፤ ዝም ብላ ጥግ ይዛ ከተኛች «ደኅና ናት» የሚለው የማያውቃት ሰው ነው፤ ለጥቂት ቀናት እህል ካልቀመሰች፣ ይልቁንም ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ ይጎዳል። እጅግ የሚያሳዝነው ደግሞ ባለቤቱ አሳዝናው ለራሱ ራስ ምታት የሚውጠውን ፓራሲታሞል የሰጣት እንደ ሆነ ነው። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ሊያጣራ አይችልምና አንዲት ፍሬ ልትገድላት ትችላለች። በፍቅር የተሰጠ መርዝ ይሏል ይህ ነው። ስለዚህ መልካም ልብ ያለው ሰው መማር አለበት፤ የተማረውም ልቡን መጠበቅ አለበት። ከእኛ መካከል በዚህ ሙያ ትምህርት ላይ ያለን አብዛኛውን ጊዜያችንን የምናሳልፈው ሕመምተኛው ያልተናገረውን በዓይንና በእጅ በመፈለግ ነው፤ ድዱን ገልጦ ቀለሙን ማየት፣ ሆዱን ቀስ ብሎ መዳሰስ፣ ጆሮው የት እንደ ዞረ ማስተዋል።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለዚህ ዝም አላሉም። የሚያበራየው በሬ አፉ እንዳይታሰር ሕግ ወጥቶለታል፤ ከሸክሙ በታች የወደቀው አህያ የጠላታችን እንኳ ቢሆን እንድናነሣው ታዘናል። በበለዓም ታሪክ አህያይቱ አፍ አውጥታ ስትወቅሰው እናነባለን፤ ያም ተአምር ነበር፤ ሌሎቹ አህዮች ሁሉ ተደብድበውም ዝም እንዳሉ ናቸው። በመጽሐፈ ጦቢት ደግሞ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ሲጓዝ ውሻው ተከትሏቸው መሄዱ ተጽፏል፤ የፈውስ መልአክ በሄደበት መንገድ ውሻ ከኋላው ነበረ ማለት ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሠዓሊዎቻችን ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር፣ ከዓይናቸው የምትጠጣ ወፍ ጨምረው የሚስሏቸው ለጌጥ አይደለም።

አሁን ወደ ድኻው እንመለስ። የአልዓዛርን ታሪክ እናስታውስ። ያ ነዌ የሚባለው ባለጸጋ ደጅ ላይ አልዓዛር በቁስል ተመትቶ ወድቆ ሳለ ቁስሉን ይልሱለት የነበሩት ውሾቹ ናቸው። በዚያ ታሪክ የተፈረደበት ባለጸጋው ነው፤ ውሾቹ አይደሉም። ዛሬም ከውጭ አገር የመጣ የውሻ ምግብ በሚራገፍበት ቤት ደጃፍ የተራበ ሕፃን ቢቆም ነውሩ የባለቤቱ ነው፤ ነውር መሆኑንም አንክድም። ነገር ግን ሕፃኑን ያላበላው ሰው ውሻውን በረኃብ ቢገድለው ሕፃኑ ይጠግባልን? እኛ እንደምናየው ለውሻው የማይራራ እጅ ለሕፃኑም አይዘረጋም። ደግሞም አስታማሚ የሌለው ሕመምተኛ ውሻ ብቻ አይደለም። ራሱን የሳተ፣ በዕድሜ ብዛት አእምሮው የደከመ፣ ከገጠር መጥቶ ዘመድ የሌለው፣ በጡት ያለ ሕፃን፣ እነዚህም ሌሊቱን የሚናገሩበት አፍ የላቸውም። ሕሙማንን ልንጠይቅ ስንሄድ የሚጣፍጥ ወሬ ከሚያወራን ሕመምተኛ አልጋ ዘንድ ተሰብስበን ዝም ያለውን አልፈነው እንሄዳለን ወይስ አናልፍም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስንሄድ ይህን እንመልከት።

አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። የሰው ሐኪም የማይፈቀድለት ለእንስሳ ሐኪም ተፈቅዶለታል፤ ይኸውም የማይድነውን በመርፌ ማሳረፍ ነው። በዚህ ላይ የእኛ አሳብ እንዲህ ነው። ሰው በሕመሙ ውስጥ ንስሐም፣ ተስፋም፣ ስንብትም አለው፤ ሕይወቱም የራሱ አይደለችም። እንስሳው ግን ዛሬ የሚሰማውን ሥቃይ ብቻ ያውቃል፤ ነገን አያስብም። ስለዚህ አከርካሪው ተሰብሮ የሚጮኽን ውሻ በሰላም ማሳረፍ ጭካኔ ሆኖ አይታየንም። ነገር ግን ጤነኛ ውሻ ይዞ የሚመጣ አለ። «ቪዛዬ ወጣ፤ ወደ ውጭ አገር ልሄድ ነው፤ የሚይዝልኝ የለም፤ በመርፌ አድርጉልኝ» ይላል። አንዳንዱ ይህን የሚለው እያለቀሰ ነው፤ ልንፈርድበት አንቸኩልም። ውሻው ግን ሰባት ዓመት በሩን ጠብቆለታል። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ እርሱ የበኩሉን አድርጓል። ሐኪሙ እሺ ቢል ያለ ሕመም ምክንያት ነፍስ አጠፋ፤ እምቢ ቢል ባለቤቱ ከከተማ ዳር ወስዶ ይጥለውና ውሻው በመርዝ ወይም በመኪና ይሞታል። በእኛ በኩል ሐኪሙ ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ጊዜ መጠየቅና አዲስ አሳዳሪ መፈለግ ይገባዋል እንላለን። ፍለጋው የእርሱ ብቻ ሆኖ መቅረት ግን የለበትም፤ ከእኛ ሰፈር ግቢ ያለው ሰው ሞልቷልና።

ይህን ሥራ ዕለት ዕለት የሚሠሩ ሰዎች ምን ተሸክመው ወደ ቤታቸው እንደሚገቡ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በዚያ አገር የእንስሳት ሐኪሞች ራሳቸውን በማጥፋት የሚሞቱበት መጠን ከሌላው ሕዝብ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በዚያ አገር የሆነው በእኛ ዘንድ ልክ እንዲሁ ነው ለማለት አይደለም፤ በእኛ አገር ግን «የውሻ ሐኪም» የሚለው ቃል ራሱ ስድብ መስሎ ሲነገር እንሰማለን፤ ወላጆችም ልጃቸው ሰውን ሳይሆን ውሻን ልታክም መሆኗን ለጎረቤት መናገር ያፍራሉ። መርፌው በሚሰጥበት ሰዓት ብዙው ባለቤት ማየት ስለማይችል ወደ ውጭ ይወጣል። በክፍሉ ውስጥ የሚቀረው ሐኪሙና ረዳቱ ናቸው። ረዳቱ የውሻውን ራስ በክንዱ ላይ አሳርፎ፣ ስሙን ከካርዱ ላይ አይቶ በስሙ እየጠራው፣ እስኪያርፍ ይይዘዋል። ከዚያም ጠረጴዛውን በበረኪና ያጥባል፤ እጁን ይታጠባል፤ በሩን ከፍቶ ተራው የደረሰውን ያስገባል።