በታፔላ የሚመለስ ሐቅ

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አር-ሩም የሰው ልጆችን ቋንቋና መልክ መለያየት ከሰማያትና ከምድር አፈጣጠር ጋር አያይዞ ከታምራቱ አንዱ አድርጎ ያወሳዋል። እንግዲህ አንድ ቋንቋ በግፍ ቢዳከም፣ መልሶ ለማንሳት የሕዝብን ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነውን?

ይህ ጥያቄ በእንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራብ ጫፍ በምትገኘው በኮርንዎል ሲያከራክር ቆይቷል። የጥንት ነዋሪዎቿ ቋንቋ ኮርኒሽ ይባላል፤ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለዌልስ ቋንቋ ይቀርባል። በ1549 እ.ኤ.አ. መንግሥት የቤተ ክርስቲያኑ ጸሎት በእንግሊዝኛ እንዲሆን ባዘዘ ጊዜ፣ ሕዝቡ የሃይማኖቱ ሥርዓት መለወጡ አስቆጥቶት፣ ከፊሉም «እንግሊዝኛ አንሰማም» ብሎ ዐመፀ። ዐመፁ በሺዎች ደም ተደመሰሰ። ቋንቋው ከዚያ ወዲህ እየመነመነ ሄደ፤ የመጨረሻዋ ተናጋሪ እየተባለች የምትጠቀሰው ዶሊ ፔንትሪዝም በ1777 አረፈች።

ሆኖም በ1904 ሄንሪ ጄነር የተባለ ምሁር የኮርኒሽ መማሪያ መጽሐፍ አሳትሞ የመነሣቱን መንገድ ከፈተ። በ2002 የብሪታኒያ መንግሥት ለቋንቋው ዕውቅና ሰጠ። የኮርንዎል ምክር ቤትም ከ2009 ጀምሮ አዲስ የሚተከሉና አርጅተው የሚተኩ የመንገድ ታፔላዎች በሁለቱም ቋንቋዎች እንዲጻፉ ወሰነ። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ኮርኒሽን ዋና ቋንቋዬ ያሉት 557 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ማዕከላዊው መንግሥትም በ2016 ድጎማውን አቋረጠ።

«መንገዱ ሳይጠገን፣ ሽማግሌው ጧሪ ሳያገኝ፣ ለጥቂት መቶ ሰዎች ይህን ያህል መድከም ለምን?» የሚሉ አሉ። የድሃን ጉዳይ ማስቀደም ፍትሕ ስለሆነ ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ያረጀ ታፔላ መተካቱ አይቀርም፤ ሲተካ ሁለተኛ ስም መጨመር የድሃን ጉሮሮ አይዘጋም። ሐቅም በባለቤቱ ብዛት አይመዘንም። በሥልጣን ኃይል የተገፋን ነገር መልሶ የማክበር ዕዳ ያለበትም ሥልጣን የያዘው ወገን ነው። ልጅ የመንደሩን ስም በአያቶቹ ቋንቋ ተጽፎ ሲያይ፣ የእነርሱ አነጋገር የሚያሳፍር እንዳልነበረ ይገነዘባል።

ይሁን እንጂ ምክር ቤት ታፔላ ይተክላል እንጂ ሕፃን አያናግርም። ይህ ለእኛም ትምህርት ነው። በአገራችን የአርጎባ ሙስሊሞች ቋንቋ በብዙ መንደሮች ለአማርኛና ለኦሮምኛ ቦታውን ለቋል። አላህ መልእክተኞቹን በየሕዝባቸው ቋንቋ መላኩን በሱረቱ ኢብራሂም ነግሮናል። ስለዚህ ልጆቻችን ዐረብኛን ለዲናቸው፣ የአገሩን የሥራ ቋንቋ ለኑሯቸው ሲማሩ፣ የእናታቸውን ቋንቋ እንዲተዉ የሚያስገድዳቸው አንዳች ምክንያት የለም። ከመንግሥት የሚገባንን እንጠይቅ፤ ማታ በማዕድ ዙሪያ ልጆቻችንን በምን ቋንቋ እንደምናናግር የምንወስነው ግን እኛው ወላጆች ነን።

ወላሁ አዕለም።